ላፕቶፕን ከተናጠል ክፍሎች መሥራት፦ ምን ይቻላል? ምንስ ያስቸግራል?

ዴስክቶፕ የሚባለውን የጠረጴዛ ኮምፒውተር መገጣጠም በዛሬው ጊዜ እንደ ልዩ ሙያ የሚታይ ሥራ አይደለም። ካቻቢቴ መያዝ የሚችልና መመሪያ አንብቦ የሚረዳ ተማሪ ማዘርቦርዱን ከአንድ ፋብሪካ፣ ፕሮሰሰሩን ከሌላው፣ ሃርድ ዲስኩን ከሦስተኛው፣ ቀፎውን ደግሞ ካገኘበት ገዝቶ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሠርቶ ሊያበራው ይችላል። በአዲስ አበባ የኮምፒውተር መደብሮች «ክሎን» እየተባሉ ሲሸጡ የኖሩት ኮምፒውተሮችም የተሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ስለሆነም «ዴስክቶፕን እንዲህ መሥራት ከተቻለ ላፕቶፕንስ ለምን አንሠራም?» የሚለው ጥያቄ ከተማሪዎች ዘንድ ደጋግሞ መነሣቱ የሚያስገርም አይደለም። ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚነሣው ገንዘብ ለመቆጠብ ካለ ፍላጎት ነው፤ በዚህ ረገድ ያለንን አስተያየት ወደኋላ ላይ እንገልጻለን። አስቀድመን የምንመረምረው ግን ላፕቶፕ ለመገጣጠም የሚያስቸግርበትን ምክንያት ነው፤ ምክንያቱን በሚገባ የተረዳ ሰው መፍትሔውን ከዚያው ያገኘዋልና።

ስምምነት ያለበት ወሰን

አይቢኤም የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያውን የግል ኮምፒውተሩን (ፒሲ) በ1981 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲያቀርብ የማሽኑን የውስጥ አሠራር የሚገልጽ ዝርዝር የቴክኒክ መመሪያም አሳትሞ ነበር። ይህም ሌሎች ፋብሪካዎች ከማሽኑ ጋር የሚስማሙ ካርዶችን፣ ቆይቶም ሙሉ ኮምፒውተሮችን እንዲሠሩ በር ከፈተ። በ1995 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኢንቴል «ኤቲኤክስ» በሚል ስም ባወጣው መስፈርት የማዘርቦርዱ ስፋት፣ የቪቶቹ ቀዳዳዎች የሚውሉበት ቦታ፣ ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጡት ቮልቴጆችና የሶኬቱ ቅርጽ ሳይቀሩ ተወሰኑ። መስፈርቱ ማሻሻያዎች ተደርገውበት እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ቁም ነገሩ ይህ ነው፤ በዴስክቶፕ ውስጥ እያንዳንዱ ክፍል ከጎረቤቱ ጋር የሚገናኝበት፣ ሁሉም የተስማማበት ወሰን አለው። ፓወር ሰፕላዩን የሠራው መሐንዲስ የማዘርቦርዱን ሠሪ አያውቀውም፤ ማወቅም አያስፈልገውም።

ላፕቶፕ ውስጥ ከእነዚህ ወሰኖች አብዛኞቹ የሉም። የጠፉትም በአመዛኙ ሚሊሜትርና ግራም ለመቀነስ ሲባል ነው (የንግድ ጥቅም ፈጽሞ የለበትም ማለታችን ግን አይደለም)። ነገሩን በኪቦርድ ምሳሌ እናስረዳ። በዩኤስቢ የሚሠራ የዴስክቶፕ ኪቦርድ በውስጡ ትንሽ ማይክሮኮንትሮለር አለው። የትኛው ቁልፍ እንደተነካ ለይቶ፣ ማንኛውም ኮምፒውተር በሚረዳው ቋንቋ ይልካል። የላፕቶፕ ኪቦርድ ግን በአብዛኛው ይህ አንጎል የለውም። ያለው ነገር ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ መስመሮች የታተሙበት ስስ ፕላስቲክ ብቻ ነው። ለምሳሌ 8 መስመሮች በአግድም፣ 16 መስመሮች ደግሞ በቁመት ቢዘረጉ 128 መገናኛዎች ይኖራሉ፤ አንድ ቁልፍ ሲነካ ከመገናኛዎቹ አንዱ ይዘጋል። በዚህ ዘዴ 128 ቁልፎችን በ24 መስመሮች ብቻ መቆጣጠር ይቻላል። መስመሮቹን በየተራ እየፈተሸ የተነካውን ቁልፍ የሚለየው ማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠ ኢምቤድድ ኮንትሮለር የሚባል ቺፕ ነው። የትኛው ፊደል በየትኛው መገናኛ ላይ እንደሚውል ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ፣ የአንዱን ላፕቶፕ ኪቦርድ ወስደን ሌላው ላይ ብንሰካው፣ ሶኬቱ ቢገጥም እንኳ፣ የሚጻፈው ሌላ ነገር ነው።

ያው ቺፕ የባትሪውን አሞላል፣ የማራገቢያውን ፍጥነትና የማብሪያውን ቁልፍ ጭምር ይከታተላል። በመሆኑም የላፕቶፕ ክፍሎች ራሳቸውን የቻሉ ዕቃዎች ሳይሆኑ ለአንድ ማዘርቦርድ ብቻ የተበጁ እጅና እግሮች ናቸው ማለት ይቻላል። ወሰናቸው የቀረላቸውም አሉ፤ ኤስኦዲም የሚባለው አጭሩ የሜሞሪ ካርድ፣ ኤምነጥብሁለት በሚባለው ማስገቢያ የሚሰኩት ዲስኮችና የሽቦ አልባ ግንኙነት ካርዶች በልዩ ልዩ ፋብሪካዎች ላፕቶፖች መካከል ይዘዋወራሉ። ኢንቴል በ2005 እ.ኤ.አ. ገደማ የስክሪን፣ የባትሪ፣ የቻርጀርና የኪቦርድ መጠንን ለልዩ ልዩ ፋብሪካዎች የጋራ ለማድረግ ሞክሮ ነበር፤ ውጥኑ ግን እንደ ኤቲኤክስ ሥር አልሰደደም። እንዲያውም ቀጫጭን ላፕቶፖች ሲበዙ ሜሞሪውም ማዘርቦርዱ ላይ ይበየድ ጀመር። ወደ ሌላው አቅጣጫ የተሄደበት አንድ ምሳሌ ጄዴክ የተባለው የመስፈርት አውጪ ማኅበር በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ያጸደቀው ካምሁለት ነው፤ ይህም ለቀጭን ላፕቶፕ የሚሆን፣ የሚፈታ የሜሞሪ ካርድ ነው።

ሠርተው ያሳዩ ሰዎች

ላፕቶፕ ከሥሩ ጀምሮ ሊሠራ እንደሚችል ያሳዩት ሰዎች የተጓዙበት መንገድ በአጭሩ ቢገለጽ የጠፉትን ወሰኖች መልሶ መትከል ነው። አንድሩ ሁዋንግና ሾን ክሮስ የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች በ2012 እ.ኤ.አ. በሲንጋፖር «ኖቬና» የተባለውን ላፕቶፕ መንደፍ ጀመሩ። ማዘርቦርዱን ራሳቸው ነድፈው ንድፉን ለሕዝብ ክፍት አደረጉት። ለባትሪው በሬዲዮ ለሚነዱ መጫወቻ አውሮፕላኖችና መኪናዎች የሚሠራውን ዓይነት መረጡ፤ ይህ በየትኛውም አገር ካሉ የመጫወቻ መደብሮች የሚገኝ ነውና። ኪቦርድ ጨርሶ አላበጁለትም፤ ተጠቃሚው የራሱን የዩኤስቢ ኪቦርድ እንዲያመጣ ተዉት። በ2014 እ.ኤ.አ. ከሕዝብ ገንዘብ በማሰባሰብ ለሽያጭ ሲቀርብ ማዘርቦርዱ ብቻ 500 ዶላር፣ ሙሉው ላፕቶፕ ደግሞ 1,995 ዶላር ነበር፤ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት ግን 1.2 ጊጋኸርዝ ነው። በዚያ ዋጋ ከፋብሪካ የሚገዛ ላፕቶፕ በፍጥነቱም በቀጭንነቱም እጅግ ይበልጠው ነበር። ገዢዎቹም ይህን እያወቁ ነው የገዙት፤ የፈለጉት እያንዳንዱ መስመር የት እንደሚሄድ የሚያውቁትን ማሽን ነበርና።

በበርሊን ሉካስ ሃርትማን የመሠረተው ኤምኤንቲ በ2020 እ.ኤ.አ. ለሽያጭ ያቀረበው «ሪፎርም»ም ተመሳሳይ ነው። ባትሪው እያንዳንዳቸው ሊነቀሉ የሚችሉ 8 ድብልብል ሴሎች ሲሆን፣ ውፍረቱ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የወሰን ዋጋ የሚከፈለው በውፍረት ነው ማለት ይህ ነው። በአሜሪካ የተቋቋመው ፍሬምወርክ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀጭን ሆኖ ክፍሎቹ የሚለዋወጡ ላፕቶፕ እየሸጠ ይገኛል፤ ማዘርቦርዱን ለብቻው ስለሚሸጥና የልኬት ንድፉንም ስላወጣ ሰዎች በዙሪያው የራሳቸውን ቀፎ እየሠሩለት ነው።

ማዘርቦርድ ስለ መምረጥ

ማዘርቦርድ ራሱን መንደፍ ለጀማሪ አይመከርም፤ የሜሞሪ መስመሮችን በትክክል ማሳለፍ ብቻውን የዓመታት ልምድ ይጠይቃል። ስለዚህ የተሠራ መምረጥ ይገባል። አንደኛው ምርጫ እንደ ራስበሪ ፓይ ያለ፣ ኮምፒውተሩ በሙሉ በአንድ ትንሽ ሰሌዳ ላይ ያለበት ነው። ሁለተኛው ቀጭን ሚኒ አይቲኤክስ የሚባለው ነው፤ ስፋቱ 17 በ17 ሴንቲ ሜትር ሆኖ የሶኬቶቹ ከፍታ ወደ 25 ሚሊሜትር ዝቅ የተደረገ ሲሆን፣ እንደ ላፕቶፕ ከውጭ ቻርጀር በ19 ወይም በ12 ቮልት ይሠራል፤ ብዙዎቹም የላፕቶፕ ስክሪን በቀጥታ የሚሰካበት ሶኬት አላቸው። ሦስተኛው ምርጫ ቀፎው ተሰባብሮ ወይም ማጠፊያው ተነቅሎ የተጣለ ላፕቶፕን ማዘርቦርድ ከነኪቦርዱ፣ ከነስክሪኑና ከነማቀዝቀዣው አውጥቶ አዲስ ቀፎ መሥራት ነው። እኛ ለመጀመሪያ ሥራ የምንመርጠው ይህንን ሦስተኛውን ነው። ከላይ የዘረዘርናቸው ስውር ትስስሮች እንዳሉ ስለሚቆዩ ሠሪው ትኩረቱን በቀፎው፣ በማጠፊያውና በሙቀቱ ላይ ለማድረግ ይችላል።

ስክሪኑ

ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ስክሪን ብዙውን ጊዜ ደህና ነው። ችግሩ ለምን በተራ ሽቦ እንደማይገናኝ በስሌት ማየት ይቻላል። 1366 በ768 ነጥቦች ያሉት ስክሪን 1,049,088 ነጥቦች አሉት። እያንዳንዱ ነጥብ በ24 ቢት ቢገለጽና ምስሉ በሰከንድ 60 ጊዜ ቢታደስ፣ በየሰከንዱ 1.5 ቢሊዮን ያህል ቢት መተላለፍ አለበት። ይህ በ4 ጥንድ ሽቦዎች ቢከፋፈል አንድ ቢት በአንዱ ጥንድ ላይ የሚቆየው ከ3 ናኖ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ምልክቱ በኬብል የሚሄደው ርቀት ግማሽ ሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ የሽቦዎቹ ርዝመትና አገማመድ ራሱ ምስሉን ያበላሻል ማለት ነው። ስለሆነም ኬብሉን በእጅ ከመበየድ ይልቅ በፓነሉ ጀርባ ያለውን ቁጥር ይዞ ከእርሱ ጋር የሚስማማ፣ ኤችዲኤምአይ የሚቀበል የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ከነኬብሉ መግዛት ይሻላል። በተጨማሪም በጣም አሮጌ የሆኑት ፓነሎች ከኋላ የሚበሩት በቀጭን የፍሎረሰንት መብራት ሲሆን፣ ይህን መብራት የሚያበራው ኢንቨርተር በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሚያወጣ በርቶ ሳለ መንካት አይገባም።

ባትሪው፦ እሳት የሚነሣበት ቦታ

ከሥራው ሁሉ በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ባትሪው ነው። የተለመደው የሊቲየም ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት፣ በአማካይ 3.7 ቮልት፣ ሲያልቅ ደግሞ 3 ቮልት ያህል ይሰጣል። ሦስቱን በተከታታይ ብንቀጥል 11.1 ቮልት እናገኛለን። እያንዳንዱ ሴል 2.5 አምፔር ሰዓት ቢይዝና በየደረጃው ሁለት ሁለት ሴል ጎን ለጎን ብናደርግ 5 አምፔር ሰዓት ይሆናል፤ 11.1 × 5 = 55.5 ዋት ሰዓት። ማዘርቦርዱ 7 ዋት፣ ስክሪኑ ከነመቆጣጠሪያው 5 ዋት፣ የቀሩት ሁሉ 2 ዋት ቢወስዱ ድምሩ 14 ዋት ነው። ቮልቴጁን የሚቀይረው ሰርኪዩት 10 በመቶውን በሙቀት መልክ ቢያባክን የሚቀረን 50 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ 50 ለ14 ሲካፈል ሦስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ባትሪውን እስከ መጨረሻው ማራቆት ዕድሜውን ስለሚያሳጥር ሦስት ሰዓት ብሎ ማሰብ ይበጃል። ባትሪው ትልቅ እንዲሆን የሚመኝ አንባቢም በመንገደኞች አውሮፕላን ያለ ልዩ ፈቃድ ይዞ መግባት የሚቻለው እስከ 100 ዋት ሰዓት ብቻ መሆኑን ይወቅ።

አደጋው የሚመጣው ሴሎቹ በተከታታይ ሲቀጠሉ ነው። ሦስት ሴሎችን የሚሞላ ቻርጀር ድምሩ 12.6 ቮልት ሲደርስ ያቆማል። ከሦስቱ አንዱ አርጅቶ ቶሎ የሚሞላ ቢሆንስ? እርሱ 4.4 ቮልት ሲደርስ ሁለቱ ገና 4.1 ቮልት ላይ ሊሆኑ ይችላሉ፤ 4.4 + 4.1 + 4.1 = 12.6። ቻርጀሩ ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ አንዱ ሴል ግን ከመጠን በላይ ሞልቷል። እንዲህ ያለው ሴል ውስጡ መጋል ሲጀምር ሙቀቱ ራሱ ኬሚካዊ ለውጡን ያፋጥነዋል፤ ለውጡም ተጨማሪ ሙቀት ይፈጥራል፤ በመጨረሻም ጋዝ ይተፋል፣ ይነዳል። ስለዚህ ድምሩን ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ሴል ቮልቴጅ ለይቶ የሚለካ የመጠበቂያ ሰርኪዩት የግድ ያስፈልጋል። ያለዚህ ሰርኪዩት የተሠራ ባትሪ በተማሪዎች መኝታ ክፍል ውስጥ ቻርጅ ሊደረግ ቀርቶ ሊቀመጥም አይገባም። ሴል ላይ በቀጥታ በእርሳስ መበየድም ውስጡን ስለሚጎዳ፣ ማገናኛው ኒኬል በነጥብ ብየዳ የተያያዘበትን መግዛት ይመረጣል። ከአሮጌ የላፕቶፕ ባትሪ የወጡ፣ ዕድሜያቸውና ያሳለፉት የማይታወቅ ሴሎችን መቀላቀልንም አንደግፍም። «ሪፎርም» የተጠቀመበት የሊቲየም ብረት ፎስፌት ሴል ሙቀትን ይበልጥ ይቋቋማል፤ ነገር ግን አማካይ ቮልቴጁ 3.2 ስለሆነና በዚያው መጠን የሚይዘው ኃይል ስለሚያንስ ማሽኑ ይከብዳል።

ለጀማሪ ከዚህ ሁሉ የሚሻል መንገድ አለ፤ ይኸውም በዩኤስቢ ሲ የሚሠራ፣ የታወቀ ሥሪት ያለው ፓወር ባንክ ነው። ሴሎቹም፣ መጠበቂያውም፣ የመሙያው ሰርኪዩትም በአንድ ቀፎ ተዘግተው፣ ወደ ውጭ የሚታየው ስምምነት ያለበት ሶኬት ብቻ ነው። ከመግዛት በፊት ግን ሁለት ነገሮችን መፈተሽ ይገባል፤ የመጀመሪያው የሚያወጣው ዋት ማዘርቦርዱ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ከሚፈልገው አለማነሱን፣ ሁለተኛው ደግሞ ቻርጀሩ ሲነቀል ወይም ሲሰካ ለአንድ አፍታ እንኳ ኃይል አለማቋረጡን ነው። አንዳንዶቹ ያቋርጣሉ፤ በዚህ ጊዜ ኮምፒውተሩ ይጠፋል፣ ያልተቀመጠውም ሥራ ይጠፋል።

ሙቀትና ከፍታ

ወደ ፕሮሰሰሩ የሚገባው ኤሌክትሪክ በመጨረሻ የሚለወጠው ወደ ሙቀት ነው። በላፕቶፖች ውስጥ ይህን ሙቀት ወደ ዳር የሚያጓጉዘው ጠፍጣፋ የመዳብ ቱቦ ነው። ቱቦው ባዶ ይመስላል እንጂ አየሩ ተመጥጦ ጥቂት ውኃ ገብቶበታል። ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ውኃው ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጣም ባነሰ ሙቀት ፕሮሰሰሩ አጠገብ ይተናል፤ ትነቱ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ሄዶ ተመልሶ ውኃ ይሆናል፤ ውኃውም እንደ ፋኖስ ክር በሚስብ ውስጣዊ ሽፋን አማካይነት ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህን ቱቦ ቀፎው ውስጥ እንዲገባ ብሎ በኃይል ማጠፍ ሽፋኑን ስለሚያደቅቀው ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሥራ የማራገቢያው ነው፤ እዚህ ላይ እኛን በተለይ የሚመለከት ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በእኩል የሙቀት መጠን የአየር እፍግታም በዚያው ልክ ያንሳል። ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው የአየር ይዘት ያው ቢሆንም በይዘቱ ውስጥ ያለው አየር ክብደቱ በሩብ ያነሰ ስለሆነ የሚወስደው ሙቀትም ይቀንሳል። (የመዳቡ ቱቦ ግን የታሸገ ስለሆነ ከፍታው አይነካውም።) በቁጥር ለማየት፣ አንድ ማቀዝቀዣ በባሕር ወለል ለእያንዳንዱ ዋት 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከአካባቢው በላይ የሚያስጨምር ነው እንበል። 15 ዋት ፕሮሰሰር ከክፍሉ 45 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ክፍሉ 25 ዲግሪ ከሆነ 70 ዲግሪ ይደርሳል። ማቀዝቀዣው በከፍታው ምክንያት ቢዳከምና ጭማሪው በዋት 3.6 ዲግሪ ቢሆን፣ ያው ፕሮሰሰር 79 ዲግሪ ይሆናል። የአዲስ አበባ አየር ቀዝቀዝ ማለቱ ከዚህ ልዩነት ጥቂቱን ይክሳል። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ አየሩ ይበልጥ የታፈገ ቢሆንም ሞቃት ነው። ስለዚህ የአየር መግቢያውንና መውጫውን ቀዳዳ ሌላ ቦታ ለተሠራ ንድፍ ከተሰጠው ልክ ሰፋ ማድረግ፣ መግቢያውንም ጭን ወይም ብርድ ልብስ በማይደፍነው በኩል ማድረግ ይገባል።

ማጠፊያው

ክብደቱ 600 ግራም የሆነ የስክሪን ክዳን መሐል ነጥቡ ከማጠፊያው 11 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ወደ አግድም ሲዘረጋ 0.65 ኒውተን ሜትር ያህል የማዞር ጉልበት ይፈጥራል። ሁለቱ ማጠፊያዎች ይህንን በሰበቃ ብቻ ሊሸከሙት ይገባል። ተራ የሣጥን ማጠፊያ ስለማይሸከመው ከአሮጌ ላፕቶፕ መውሰድ ቀላሉ መፍትሔ ነው፤ የሚታሰርበትም ቦታ ፕላስቲክ ብቻ ሳይሆን ብረት ይሁን። ታችኛው ክፍል ከክዳኑ ካልከበደ ማሽኑ ወደ ኋላ ይወድቃልና ባትሪውን ወደ ፊት ለፊት፣ ከእጅ ማሳረፊያው ሥር ማድረግ ይጠቅማል።

ገንዘቡና የሥራው ቅደም ተከተል

ከላይ የተባለው ሁሉ እንደሚያመለክተው ላፕቶፕን በራስ መሥራት ገንዘብ አያስቆጥብም። ፋብሪካ የፕላስቲክ መቅረጫውን ወጪ በብዙ ሺህ ማሽኖች ላይ ያካፍላል፤ እኛ ግን ሙሉውን ወጪ የምንጭነው በአንድ ማሽን ላይ ነው። በተጠራቀመች ጥቂት ገንዘብ ለትምህርቱ የሚሆን ኮምፒውተር የሚፈልግ ተማሪ፣ ሜሞሪው፣ ዲስኩና ባትሪው የሚፈታ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ገዝቶ እነዚህን ሦስቱን ቢያድስ እጅግ ያተርፋል። በራስ መሥራት የሚገባው ሌላ የሚሠራበት ኮምፒውተር እያለው ማወቅ የሚፈልግ፣ ወይም በገበያ የማይገኝ ነገር፣ ለምሳሌ ለላቦራቶሪ መለኪያ የሚሆን ልዩ ማሽን፣ የሚያስፈልገው ሰው ነው።

ሥራውን የጀመረ ሰው ቀፎውን በመጨረሻ ይሥራ። ክፍሎቹን በሙሉ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ጣውላ ላይ ዘርግቶ፣ መጀመሪያ በቻርጀር ብቻ፣ ቀጥሎ በባትሪ ያስነሣቸው። ከባትሪው የሚወጣውን ኮረንት በመልቲሜትር ሁለት ጊዜ ይለካ፤ አንድ ጊዜ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ሳለ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ፕሮሰሰሩ በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ። ከላይ ባሰላነው ምሳሌ 14 ዋት ከ11.1 ቮልት ባትሪ ሲወሰድ፣ የመቀየሪያው ብክነት ተጨምሮ፣ 1.4 አምፔር ገደማ መታየት አለበት። የታየው ከስሌቱ በብዙ ከበለጠ ክፍሎቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ የትኛው እንደሚወስደው መለየት የሚቻለው በዚህ ጊዜ፣ ሁሉም ነገር ገና ጣውላው ላይ ተዘርግቶ ሳለ ነው።